የፊታውራሪው ሁለተኛ ዓይን

ቀረብ በሉ። ቀረብ ስላችሁ እሳቱ ላይ ውጡ አላልኩም። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ዝጋውና ተቀመጥ።

መንፈስ የሚወጣው በጨለማ ብቻ ይመስላችኋል፣ አይደል? እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር። የዛሬው የሚወጣው በቀትር ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰውም ከብቱም ጥላ ፍለጋ ገብቶ መንገዱ ጭር ሲል።

ድሮ ነው። ላቀው የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። አባቱ ዓይነ ስውር ነበሩ። ሲወለዱ ነው? አይደለም። ፊታውራሪ ደምለው የሚባል ጦረኛ፣ "ሳልፍ ቀና ብለህ አየኸኝ" ብሎ ሁለቱንም ዓይናቸውን በጋለ ብረት አጠፋባቸው። ጥፋታቸው ይኸው ነው፤ ማየታቸው። ከዚያ ወዲያ የላቀው ዓይን ለሁለት ሰው ነበር የሚያየው። እሱ ዓይኑን ካጣ ሁለቱም አለቀላቸው።

ፊታውራሪው ሞተ። ምስሉ ግን ቀረ። አንድ ፈረንጅ በዘይት ቀለም የሣለው ምስል፣ ኮረብታው ላይ በሚስቱ በወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ተሰቅሎ ነበር። ላቀው ደግሞ የዘይት ቀለም መማር ፈለገ። በአገሩ የሚያስተምረው ሰው የለም። ያለው መምህር ያ ምስል ብቻ ነው። ጥርሱን ነክሶ ሄደና ለመናቸው።

"ቅዳ" አሉት ወይዘሮዋ። "እዚሁ፣ እኔ ፊት። ከፊታውራሪ ካባ አንዲት ቁልፍ ብታጎድል ግን ወዮልህ።"

"ምንም አላጎድልም፣ እመቤቴ።"

ጠዋት ይሄዳል፣ በቀትር ይመለሳል። ብቻውን። መጀመሪያ ጫማውን ሣለ። ሲመለስ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ዞረ። ማንም የለም። በማግስቱ ጎራዴውን ሣለ። ሲመለስ ከኋላው ብረት ሲንቃጨል ሰማ። ዞረ። ማንም የለም። በሦስተኛው ቀን ካባውን ሣለ። ሲመለስ ዞረ። ምን ያየ ይመስላችኋል? ካባ። ካባው ቆሟል፤ ከአንገቱ በላይ ሰማይ ነው።

እናንተ ብትሆኑ እዚያው ትተዉት ነበር። ላቀው አልተወም። ቀለሙ ለእጁ መታዘዝ ጀምሮ ነበርና ማቆም አቃተው።

ፊቱ ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ አለ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ላቀው የፊታውራሪውን ሁለት ዓይን ቁጭ ብሎ አየ፣ አየ። አባቱ ትዝ አሉት። እጁ እምቢ አለ። ወይዘሮዋ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው በጎን ሣለው። በአንድ ዓይን።

ሲመለስ ፊታውራሪው መንገዱ መሀል ቆሟል። በጎን።

"ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?"

"ለክፉ ሰው ደንቡ አንድ ነው" አለ ላቀው። ድፍረቱ ደስ ይላል፤ ምን ያደርጋል።

"እንግዲያው ያንተን አምጣ።"

ጩኸቱ ኮረብታው ላይ ተሰማ። ወይዘሮዋ ነቁ። ላቀው የሣለበት ሸራ ላይ ያለው ፊት ዞሯል፤ ሁለት ዓይን አለው። ላቀው ፊቱን በእጁ ይዞ፣ ደሙ በጣቶቹ መሀል እየወረደ፣ እርዳታ ፍለጋ በራቸው ላይ ወደቀ። እሱን አላዩትም። ሸራውን አዩ።

"አሁን ገና እሳቸውን መሰለ" አሉ።

አለቀ? አላለቀም። ያች ዓይን የማን ናት? የላቀው ናት። የአባቱን ፊት እያየች ስታለቅስ የኖረች ናት። እዚያ ፊት ላይ ገብታም ለቅሶዋን አልተወችም። ሸራው ላይ ከዚያች ዓይን ዘይት ይወርዳል። ይጠርጉታል፣ ይወርዳል። ፊታውራሪው አፈረ። ጦረኛ ያለቅሳል እንዴ? ስለዚህ እስከ ዛሬ በቀትር መንገድ ላይ ይቆማል። የማያለቅስ ዓይን ይፈልጋል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ሄዳችሁ ካባውን ካያችሁ አትሩጡ፤ ሩጫ አያድንም። አልቅሱ። እንባ እምቢ ካላችሁ ራሳችሁን ቆንጥጡ።

አንተ፣ እዚያ ጋ የምትስቀው። ለመጨረሻ ጊዜ ያለቀስከው መቼ ነው?