በኑሪሳ ስም የተጻፈ ደብዳቤ

ዩሱፍ ቤሪያ በተባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ በተከራየው አፓርታማ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ የኦክስጅን ሲሊንደሩን እንደጨበጠ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በስሙ የተፈረመ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ አለ፦ «የምርጫውን ረቂቅ በገዛ ፈቃዴ ስቤያለሁ።»

የፖሊስ ካፒቴን ሲፈን ሳትነካው ሁለቴ አነበበችው። ሟቹ የኑሪሳ ደሴት ሕዝብ መልእክተኛ ነው። ደሴቲቱ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላው ልትተላለፍ ሦስት ወር ቀርቷታል። ሁለቱ መንግሥታት ጆሃንስበርግ ላይ ሲደራደሩ፣ ዩሱፍ «ከርክክቡ በፊት ነዋሪው የራሱን ምክር ቤት ይምረጥ» እያለ ሁለት ዓመት ተሟግቷል። ረቂቁ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጉባኤው ካልቀረበ አበቃለት።

ኮቪድ ሳንባውን ስለጎዳው የሚተነፍሰው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሲሊንደሩን ይከፍታል። ሲፈን መለኪያውን አየች፤ ሙሉ ነው። መክፈቻውን ለማዞር ሞከረች፤ አልንቀሳቀስ አላት፣ በመፍቻ ብቻ ተከፈተ። የሟቹ ስልክ እጁ ከማይደርስበት መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ምድር ቤት ዘበኛው ሽጉጤ የእንግዶች መዝገቡን አቅፎ ጠበቃት።

«ጋሼ ሽጉጤ፣ ማስክ ለአገጭ አይደለም።»

«አገጬም ሰው ነው፣ ልጄ።»

«ዛሬ ወደ ዩሱፍ ክፍል ማን ማን ወጣ?»

«የዩሱፍ ምክትል ራዚያ ሁለት ሰዓት ላይ። ሚስተር ዴልማር ሦስት ሰዓት ላይ። አራት ሰዓት ላይ መብራት እንደ ፕሮግራሙ ሄደ፣ ሊፍቱም ቆመ። አራት ከሃያ ላይ አቶ አዩብ በደረጃ ወጡ፤ ዲፕሎማት ሲያለከልክ ያየሁት ዛሬ ነው። ወዲያው ተመልሰው ‹በሩ ክፍት ነው፣ ሰውየው ሞቷል› አሉኝ።»

ራዚያ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ጠዋት ሲሊንደሩን ሞክሬዋለሁ። በሁለት ጣት ይዞር ነበር።»

የአስረካቢው መንግሥት ተደራዳሪ ዴልማር ቅር አለው። «እኔ የረቂቁ ደጋፊ ነኝ። ጠላቱን ከፈለጉ አዩብን ይጠይቁ፤ ወይም ወንበሩን የምትወርሰውን ምክትል።»

የተረካቢው መንግሥት ተደራዳሪ አዩብ ግን አልሸሸገም። «ረቂቁን እጠላዋለሁ፣ በአደባባይም ተናግሬያለሁ። የጠላሁትን ሁሉ ብገድል ጉባኤው ባዶውን ይቀር ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሲፈን ሦስቱንም ሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማስካቸውን እንዳደረጉ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ተራርቀው ቆሙ።

«መብራት የጠፋው አራት ሰዓት ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «ሲሊንደሩ ቢከፈትለት ኖሮ ዩሱፍ አቶ አዩብ እስኪደርሱ ሃያ ደቂቃ ይተነፍስበት ነበር፤ መለኪያውም ይወርድ ነበር። አንዲት ትንፋሽ አልተወሰደበትም። ስለዚህ ከአራት ሰዓት በፊት ሰው አጥብቆ ዘግቶታል፤ ስልኩንም አርቆበታል። አቶ አዩብ ያኔ ገና አልመጡም።»

«እንግዲያው ራዚያ ቀረች» አለ ዴልማር።

«እርስዎም ቀርተዋል። አሁን ወደ ደብዳቤው። ከየገጹ ግርጌ የዩሱፍ አጭር ፊርማ አለ። ለምን?»

«ደንብ ነው» አለ አዩብ። «ገጽ እንዳይቀየር ተደራዳሪ ሁሉ በየገጹ ይፈርማል።»

«ሁሉ?» አለች ራዚያ። «እኛን ‹መንግሥት ስላልሆናችሁ አትፈርሙም› አላችሁን። ሁለት ዓመት ሙሉ ታዛቢ ተብለን ተቀመጥን። ዩሱፍ የሚፈርመው መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እኔም እንደዚያው።»

«ስለዚህ የደሴቲቱ ሰው እንዲህ አይፈርምም» አለች ሲፈን። «ይህን ያደረገው በየገጹ መፈረም እጁ የለመደ ዲፕሎማት ነው። ከሁለታችሁ አቶ አዩብ ነጻ ወጥተዋል። ሚስተር ዴልማር፣ የሚመረጠው ምክር ቤት የመንግሥትዎን የወደብ ውል እንደሚሰርዝ ረቂቁ አንቀጽ ሰባት ላይ ተጽፏል። በአደባባይ ስለደገፉት መልሰው ሊቃወሙት አልቻሉም፤ ባለቤቱ ራሱ የሳበው መምሰል ነበረበት።»

ዴልማር ጓንቱን ቀስ ብሎ አስተካከለ። «ያለመከሰስ መብት አለኝ፣ ካፒቴን።»

ሲፈን ሂልብሮው በተባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ከስደተኛ ወላጆች ተወልዳ፣ ወረቀት ይዞ የሚኮፈስ ሰው ስታይ ያደገች ናት። አልደነገጠችም።

«ዛሬ ላስርዎ አልችልም። መብቱ ግን እርስዎን እንጂ ደብዳቤውን አይሸፍንም። ሐሰተኛ መሆኑን ጽፌ ለጉባኤው ልኬያለሁ።»

አዩብ ወደ ራዚያ ዞረ። «ረቂቁን አሁንም እቃወመዋለሁ።»

«ለመቃወም መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይሰማሉ» አለችው።

ረቂቁን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ሊፍቱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ተያያዘችው። አዩብ ትንሽ ካመነታ በኋላ ተከተላት።