ቦታውን የሳተው ቀስት

መምህርቷ የመጽሐፍ ዝግጅት ክፍሉን በር አላንኳኳችም። ለማንኳኳት የሚሆን ትዕግሥት አልተረፋትም ነበር። የጠመኔው አቧራ ከጣቷ ሳይለቅ፣ አዲሱን የባዮሎጂ መጽሐፍ እንደያዘች ገብታ የሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ ጣለችው።

«አንተ ነህ ይህን የሣልከው?»

ሠዓሊው ቀና አለ። ባልደረቦቹ ቅጥነቱን አይተው «እርሳሱ» ይሉታል። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል የሚገናኙት የት ነው?»

ሥዕሉ ላይ ያሠመረውን የገዛ ቀስቱን ተከትሎ አየ። «ማህፀን ውስጥ።»

«የማህፀን ቱቦው ውስጥ ነው። እዚያ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ እየተከፈለ፣ እየተንከባለለ ቁልቁል ይወርዳል። ማህፀን ደርሶ ግድግዳው ውስጥ እስኪቀበር ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። አንተ መንገዱን በሙሉ ውጠህ ከመድረሻው አስጀመርከው። መንገድ ላይ የሚቀር እንዳለስ ታውቃለህ? እናቱን ይዞ የሚሄድ?»

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከዳት። እሱም ሳያስተውል አልቀረም፤ ግን ንዴት ይጋባልና እሱም ጋለ።

«የሰጡኝን ጽሑፍ ነው የሣልኩት። ያዘጋጁት፣ ያረሙት፣ የፈረሙት ሁሉ እያሉ እኔ ላይ ብቻ ምን አስመጣሽ?»

«እነሱ ጋ ሄጄ ነበር። በሚቀጥለው እትም እናየዋለን አሉኝ። ተማሪዎቼ የሚያዩት ግን ዛሬ ነው።»

ሠዓሊው ባዶ ወረቀት ስቦ ወደ እሷ ገፋው። «በይ አሳዪኝ።»

በዚህ ተጀመረ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየመጣች ታስረዳዋለች፤ እሱ ይሥላል፣ እሷ ታርማለች፣ ይነታረካሉ። አንዱ ሴል ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኑ፤ ቀጥሎ እንደ እንጆሪ የተድቦለቦለ ነገር መጣ፤ ከዚያ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ኳስ። ባልደረቦቹ ቁጣዋን አይተው «ክብሪቷ መጣችልህ» እያሉ ይሣሣቃሉ።

«ኳሱ ይሄን ስስ ሽፋን ቀዶ ይወጣል?» አላት አንድ ቀን።

«ካልወጣ አይጣበቅም።»

«ግድግዳውስ ዝም ብሎ ይቀበለዋል?»

«ቀድሞ ከተሰናዳ ነው እንጂ። ካልተሰናዳ የመጣው ሁሉ ተመላሽ ነው።»

እርሳሱ ወረቀቱን ትቶ እሷን አየ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሥዕሉ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው።

የዚያን ዕለት ነገረችው። ትዳር ነበራት። የመጀመሪያ ፅንሷ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ፈነዳ፤ በቀዶ ሕክምና ነፍሷ ተረፈች፣ አንዱ ቱቦዋ ወጣ። ባሏ ጥቂት ወራት ታገሠና ሄደ። ዘመድ ወዳጁ «ተይው፣ እርሺው፣ አንቺ መትረፍሽ ይበቃል» አላት። እሷም አፏን ዘጋች።

«ካንተ እንዳይወጣ» አለችው።

«አይወጣም።»

እርሳሱን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሰውን ገና ከበር በዓይኗ ትለካለች። ፍቅራቸው ሲጠና ሊያስተዋውቃት ይዟት ሲሄድ ግን ሴትየዋ አቅፋ ሳመቻት፣ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሻይ እየቀዳችላት በፍቅር እንዲህ አለቻት፦ «አይዞሽ የኔ ልጅ። በአንዱም የሚወልዱ ሞልተዋል።»

መምህርቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እርሳሱ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ነገርካት።»

«መቼ ነው ልጅ የምታሳዩኝ እያለች መቆሚያ መቀመጫ ስታሳጣኝ ጊዜ... አፏን ላስይዝ ብዬ ነው።»

«በእኔ ቁስል የሰው አፍ ዘጋህ።»

«ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ያኛውም ክፉ አስቤ አይደለም ብሎ ነው የሄደው።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩን አላነሳችም። ማልቀስ አማራት፤ ንዴቱ ግን እንባውን አደረቀው። ሌሊት እየተነሳች ግድግዳ የምትሰድብበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊቱ ገርጥቷል።

«ይቅርታ ልልሽ ነበር» አለ። «ሳስበው ግን ይቅርታ ብዬ ልገላገል የፈለግኩ መሰለኝ። እትዬም ተቆጥታኛለች። የሰው ምስጢር አምጥተህ አፌ ውስጥ አስቀመጥክብኝ፣ አዋረድከኝ አለችኝ። በይ ስደቢኝ፤ እሰማለሁ።»

መንገድ ጀመረች፤ ጎኗ ሆኖ ተከተላት። ሰደበችው። ከሱ ጀምራ ወደ ባሏ ተሻገረች፤ ከባሏ ወደ ዘመዶቿ፤ እንኳን ተረፍሽ ብለው ኀዘኗን ወደ ነጠቋት ሁሉ። አላቋረጣትም፣ «በቃ» አላላትም። ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው።

«አልጨረስኩም።»

«ነገም እመጣለሁ።»

መጣ። በማግስቱም መጣ። የተቆጣችውን ያህል አብሯት የተራመደ ሰው በሕይወቷ እንዳልነበረ የገባት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ንዴቷ አልበረደም። ብቻዋን የምትሸከመው መሆኑ ግን ቀረ።

«ልጅ ባይመጣስ?» አለችው አንድ አመሻሽ፣ ቁልፏን ከቦርሳዋ እየፈለገች።

«አንቺ መጥተሻል።»

«እትዬስ?»

«የምታገባሽ እትዬ ናት እንዴ? እኔ ነኝ።»

ሳቋ አመለጣት፤ በማምለጡም ተናደደች። በሩን ከፈተችና ገለል አለችለት።

«ግባ» አለችው። «እግሬን አሞኛል። የቀረውን ተቀምጬ እቆጣሃለሁ።»

ገባ።