ብርቱካናማው የጫማ ማሰሪያ

ሴትዮዋ ፓንኬኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሳህኑን ወደ ግራ አዞረችው።

ምልክቱ ይህ ነበር።

ኢርማ ማስታወሻ ደብተሯን አልዘጋችም። የጉዞ መጽሔት ጸሐፊ ናትና መጻፍ አለባት። «የተንደር ቤይ ፓንኬክ፤ ስስ፣ ከሳህኑ የሚሰፋ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች።

«እንጆሪ ይኖራችኋል?»

«በዚህ ብርድ እንጆሪ?» አለች ሴትዮዋ። «ከየት ይመጣል?»

«እናቴ ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም ነበር።»

«እናትሽ ታድላ።»

ቃሉ ተስማማ። ሴትዮዋ አውነ ሳልሚነን ትባላለች። ስልሳ ዓመት ያለፋት የፊንላንድ ዘር ናት፤ በዚህ ምግብ ቤት ሠላሳ ዓመት አብስላለች። ጠረጴዛውን እየወለወለች ጎንበስ አለች።

«ድርጭቱ ሐይቁ ላይ ነው» አለች በዝግታ። «ባሌ ዓሣ የሚያጠምድባት ዳስ ውስጥ። በሯ አረንጓዴ ነው። ሦስት ጊዜ አንኳኪ፣ ትንሽ ቆየት ብለሽ አንድ ጊዜ ድገሚ። ቤቴ አካባቢ የማላውቀው መኪና ሲመላለስ ስላየሁ ነው ከትናንት ወዲያ ያወጣሁት። ቶሎ በይ ልጄ፤ ሰውየው ቀጭን ነው፣ ይህን ብርድ አይችልም።»

ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሳቀች። «ደግሞ በመጽሔቱ ላይ ቆንጆ አድርገሽ ጻፊን! ባለፈው የመጣው ጸሐፊ አፍንጫው ቢቀዘቅዝ ከተማችንን ሰድቦ ሄደ!»

በጎን ያሉት የእህል ጎተራ ሠራተኞች ሳቁ። አውነ የወረቀት ከረጢት አስጨበጠቻት። ከላዩ ሮዝ ቅባት የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ ነበር። ከዳቦው ሥር የፊልም ጥቅል።

ድርጭት ብለው የሰየሙት ሰው ዜኖን ይባላል። ከምሥራቅ የመጣ የእህል መርከብ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ሐይቁ በረዶ ሊሆን ሲል፣ በኅዳር፣ መርከቡን ጥሎ ጠፋ። ከመርከቡ ይዞ የወጣው ያንን ፊልም ብቻ ነው። በፊልሙ ላይ ኢርማ የምትሠራበትን የስለላ መሥሪያ ቤት ሰዎች አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ፊት አለ። በዚያ ሰው ምክንያት ሁለት ባልደረቦቿ ሞተዋል። ዜኖንም ከተያዘ ሦስተኛው እሱ ነው።

ትእዛዙን የሰጧት አለቃዋ ሃልዴን ናቸው። ፊልሙን ሳታሳጥቢ ኮረብታው ላይ ላለው የጥርስ ሐኪም ስጪ፤ ሰውየው ያለበትንም ንገሪው፤ የቀረውን እሱ ይጨርሳል። የምስጢር ስሟ መርፌ ነው፣ የእሳቸው ክር። «መርፌ ይቀድማል፣ ክር ይከተላል» ይሉ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ተከትለዋታል። አባቷ ሲሞት ከመቃብሩ ዳር የካፖርቷን ቁልፍ የቆለፉላት እሳቸው ናቸው።

መንገዱንም አብረው ነበር የጀመሩት። የሐይቁን ዳር ይዘው፣ እየተፈራረቁ እየነዱ፣ የበረዶ ከተሞችን እንደሚጎበኙ አባትና ልጅ። ዋዋ ከተማ ሲደርሱ፣ ከትልቁ የዝይ ሐውልት ሥር፣ የሃልዴን የግራ ቦት ማሰሪያ ተበጠሰ። ኢርማ ከነዳጅ ማደያው ብርቱካናማ የዓሣ ገመድ ገዝታ በጉልበቷ ተንበርክካ አሰረችላቸው። «አሁን እግሬ የዝይ እግር መሰለ» ብለው ሳቁ። ማራቶን የምትባለው ከተማ ሲደርሱ ግን ሃልዴንን ትኩሳት ያዛቸው። አልጋ ላይ ቀሩ፤ መኪናውን ወሰደች።

«ሥራው ሲያልቅ እናትሽ ደጅ ድረስ እኔው አደርስሻለሁ» ነበር ያሏት። ኢርማ የተወለደችው እዚሁ ተንደር ቤይ ነው። እናቷ ከምግብ ቤቱ አራት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች። ሰባት ዓመት አላየቻትም።

ጠዋት በአራት ሰዓት ሆቴሏ ድረስ ደውለው ነበር። «አሁንም ማራቶን ነኝ» አሉ እያሳሉ። «መንገዱን በረዶ ዘግቶታል። ያለ እኔ ጨርሺው፣ ልጄ።»

ከማራቶን እስከዚህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

*

የጥርስ ሐኪሙ ሃርቬይ ፕሩዊት በሩን ራሱ ከፈተ። ወፍራም፣ ቀይ ፊት፣ የሱፍ ሹራብ የለበሰ ሰው ነው። ኢርማ የመኪናዋን ሞተር አላጠፋችም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው፤ ለአጭር ጉዳይ ማንም አያጠፋም።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ብርዱ አብሮ እንዳይገባ።»

«ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን። ሚስቴ ፍሎሪዳ ፀሐይ እየሞቀች ነው። እኔ እንደ ቤት አይጥ እዚህ ቀረሁ።»

ኢርማ ቦቷን ልትፈታ ጎንበስ አለች። በዚህ አገር ሰው ቤት በጫማ አይገባም። ጳጳስም ይሁን ቧንቧ ሠራተኛ፣ በር ላይ ያወልቃል፤ ከሥሩ ባለው የላስቲክ ትሪ ላይ ያስቀምጣል፤ በረዶው እዚያ ይቀልጣል።

ትሪው ላይ ሦስት ጥንድ ነበር። የሐኪሙ ከባድ ጥቁር ቦት፣ ደርቋል። የሚስትየዋ ቀይ ቦት፣ አቧራ ለብሷል።

ሦስተኛው ቡናማ ነው። በሶሉ ጥርሶች መካከል ያለው በረዶ ገና ነጭ ነው፤ አልቀለጠም።

የግራው ማሰሪያ ብርቱካናማ ገመድ ነው።

ኢርማ የራሷን ማሰሪያ መፍታት ቀጠለች። የብርቱካናማውን ገመድ ቋጠሮ አየችው። የራሷ ቋጠሮ ነው፤ አባቷ ያስተማራት፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባው።

ሃልዴን ማራቶን አይደሉም።

ታመውም አልነበረም።

ፊልሙን ሳታሳጥቢ ያሏት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰማችው ለሌላ ሰው መስሏት ኖሯል። ሃያ ዓመት ሰው ሲያስተምር የኖረ ሰላይ፣ አሻራውን የሚጠርግ፣ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ የሚደብቅ፣ እናቱ በልጅነቱ ያስለመደችውን ግን መተው አልቻለም። በር ላይ ጫማውን አወለቀ።

«ካፖርትዎን ልቀበልዎት?» አለ ሐኪሙ።

«ትንሽ ልሙቅ፣ አመሰግናለሁ።»

በቀኝ ኪሷ የዜኖን ፊልም አለ። በግራ ኪሷ የራሷ፦ የዝይ ሐውልት፣ በረዶ የሆኑ ፏፏቴዎች፣ አንድ ሽማግሌ በብርቱካናማ ማሰሪያ እየሳቀ።

በካልሲዋ ሳሎን ገባች። በሩ በጣም ሩቅ መሰላት። ሐኪሙ ሻይ ቀዳ።

«አመጡልኝ?»

የግራውን አወጣችና ሰጠችው። መዳፉ ላይ መዘነው፤ ፈገግ አለ።

«ወዳጃችንስ የት ነው ያለው?»

«ሲልቨር አይሌት» አለች። «ከመጨረሻው ቤት ጓሮ፣ እንጨት ማከማቻው ውስጥ።»

«ከባሕረ ሰላጤው ማዶ? ኧረ ያ እኮ ሩቅ ነው!» ድምፁን ጮክ አደረገው፤ አጠገቡ ላለች ሴት የሚናገር አይመስልም። ዐይኑ ለአፍታ ወደ ምድር ቤቱ በር ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ከታች አንድ እንጨት ሲጢጥ አለ።

«ቧንቧው ነው» አለ ሐኪሙ። «በብርድ ይጮኻል።»

«የእኛም ቤት እንዲሁ ነው።» ሻይዋን አስቀመጠች። «እንዴ! ሁለተኛውን ጥቅል መኪና ውስጥ ረስቼው! ብርድ ካገኘው ይሰነጠቃል።»

«እኔ አመጣዋለሁ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«የመኪናው በር ተጣብቋል። በጉልበት ከታገሉት መያዣው ይሰበራል፤ እኔ አውቅበታለሁ።»

መልስ ሳትጠብቅ ተነሣች። ወደ በሩ ስምንት እርምጃ ቆጠረች። ቦቷን ሳታስር አጠለቀች። ከዚያ ቡናማውንና ጥቁሩን ጥንድ በብብቷ ያዘች።

የሚስትየዋን ቀይ ቦት ተወችላቸው።

መኪናው ዘንድ ስትደርስ በሩ ከኋላዋ ተከፈተ።

«ኢርማ።»

በሥራ ላይ በእውነተኛ ስሟ ጠርቷት አያውቅም። ዞረች። ሃልዴን ደረጃው ላይ ቆሟል፣ በግራጫ የሱፍ ካልሲ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ፊቱ ያው የምታውቀው ፊት ነበር፤ ይህ ነው የከፋባት።

በዚህ ጊዜ ጎረቤትየው በረዶ እየዛቀ ነበር። አካፋውን ተክሎ አያቸው።

«ሃርቬይ!» አለ ከሃልዴን ጀርባ ላለው ሐኪም። «እንግዳህ ጫማውን ምን ነካው? ጥርሱን ነቅለህ ጫማውን ወሰድክበት?»

ሐኪሙ ለመሳቅ ሞከረ። የሃልዴን እጅ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ» አለ ዝቅ አድርጎ። «ቦቱን መልሺ። እንነጋገራለን።»

«ያንን ሁሉ መንገድ አጠገቤ ተቀምጠህ ስትስቅ ነበር» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። እሱም ሰማው።

«አንቺን ማንም አይነካሽም። መጀመሪያውኑ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።»

«ሰውየውስ?»

ዐይኑን ወደ ጎረቤትየው መለሰ።

«እነዚያ ሁለቱስ?»

«አንቺን አትንኩ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ኢርማ! ያንን ማስጠበቅ ቀላል መሰለሽ?» የእግሩን ጣቶች አጠፈ። «ለማንኛውም ቦታውን ተናግረሻል። ከአንቺ በፊት እደርሳለሁ።»

ኢርማ ፊቷ ላይ ፍርሃት እንዲያይ ፈቀደችለት። ትንሽ ብቻ፣ ልትደብቀው እንደምትሞክር ሁሉ። ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሲልቨር አይሌት መንገድ ነዳች። በመስተዋቱ የጋራዡ በር ሲከፈት አየች።

ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ የእንጨት መጋዘን አለ። ከጀርባው ቆመች። የሃልዴን መኪና በፍጥነት አልፋ ሄደች። እስክትርቅ ጠበቀችና ዞረች።

*

የሐይቁ በረዶ ላይ ከመውጣቷ በፊት ቀበቶዋን ፈታች፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። የዚህ ሐይቅ ልጅ እንዲያ ያደርጋል፤ በረዶው ከከዳ መውጫ ያስፈልጋል። ከጎማው ሥር ሐይቁ ረጅም ድምፅ አወጣ። በስተግራ የተኛ ሰው የሚመስለው ትልቁ ተራራ ነጭ ለብሷል።

አረንጓዴው በር። ሦስት ጊዜ። ቆየት ብሎ አንድ።

«ማነው?»

«ከአውነ ነኝ። ዳቦ ይዤልዎታለሁ።»

ዜኖን ወጣ፣ ጢሙ ላይ ውርጭ፣ በእጁ አንድ ትንሽ ዓሣ። ዓሣዋን ያፈረባት ይመስላል።

«ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን ብቻ ነው የያዝኩት» አለ።

«ይዘዋት ይምጡ። መንገዱ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።»

እግሩን አየች። በአውነ ባል አሮጌ ካልሲና በመርከብ ቀጭን ጫማ ነበር። ሳትናገር ቡናማውን ቦት ሰጠችው። ልኩ ሆነ። ብርቱካናማውን ማሰሪያ ተንበርክካ አሰረችለት፤ ሁለት ጊዜ አዙራ፣ ወደ ውስጥ።

ከከተማው የወጡት በእናቷ መንገድ አልፈው ነው። ደጁ ተጠርጓል። ከጭስ መውጫው ጭስ ይወጣል። ኢርማ ፍሬኑን አልነካችም። ያንን ቤት ከመሥሪያ ቤቱ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን የሚያውቀውን ሁሉ ከምሥራቅ ላሉት ጌቶቹ ይሸጣል።

«ደህና ነዎት?» አለ ዜኖን።

«ፀሐይዋ ዐይኔ ላይ ናት» አለች።

*

ዊኒፔግ ከተማ ላይ ከሃልዴን በላይ ላለው ሰው ፊልሙንም ዜኖንንም አስረከበች። በሁለተኛው ቀን ፎቶው ታጥቦ መጣ። ሃልዴን መርከቡ ወለል ላይ ነው፤ ለካፒቴኑ ሰነድ እየሰጠ፣ ዋዋ ላይ እንደሳቀው ይስቃል።

እሱን ያገኙት ሆስፒታል ውስጥ ነበር። የሲልቨር አይሌት መንገድ ላይ መኪናው በረዶ ውስጥ ተቀርቅራ፣ በሐኪሙ የቤት ነጠላ ጫማ ሁለት ኪሎ ሜትር ተራምዷል። አራት የእግር ጣቶች ቆረጡለት። ከመያዙ በፊት ግን አንድ ስልክ ደውሏል። መልኳን፣ ስሟንና የእናቷን ቤት ቁጥር ለጌቶቹ ነግሯል።

«ኢርማ በሕይወት እስካለች ድረስ ያንን ደጅ ይጠብቁታል» አላት የዊኒፔጉ ሰው። «እናትሽንም እንደ ማጥመጃ። የምትመርጪው አንቺ ነሽ።»

መረጠች።

በመጋቢት ሁለት ሰዎች የእናቷን በር አንኳኩ። ጫማቸውን አወለቁ። ልጅዎ የነበረችበት መኪና በረዶው ከድቶት ሐይቅ ገባ፤ አስከሬኑ አልተገኘም አሏት። አሮጊቷ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ቀበቶዋን አልፈታችም ነበር?» ብላ ነው አሉ። «እኔ አስተምሬያት ነበር እኮ።»

በጸደይ ከሌላ ሐይቅ ዳር፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት ሴት ክፍል ተከራየች። ያስመዘገበችው ስም አጭርና ተራ ነው። አከራይዋ ደረጃው ላይ ቆማ ተቆጣች።

«እመቤት፣ ጫማ በር ላይ! እንዴት አድርጌ ነው ወለሉን የማጸዳው?»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር።»

«የት አገር ነው ያደግሽው አንቺ? ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

ሴትዮዋ አወለቀች። ትሪው ላይ ያሉትን ጫማዎች አንድ በአንድ አየች፣ አከራይዋ የምትቆጥራቸው እስኪመስላት ድረስ። ከዚያ የራሷን ከሌሎቹ ለይታ፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙራ አስቀመጠችና ደረጃውን በካልሲዋ ወጣች።