ሽታ ያጣው ጤና አዳም

የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንፈሚካኤል መደባቸው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው እንደ ተኙ ሞተው ተገኙ። ነጠላቸው ተጣጥፎ ከራስጌያቸው ተቀምጧል፤ መቋሚያቸውም እንደ ወትሮው ከበሩ ጥግ ቆሟል። ኮሮና ፍኖተ ሰላምን ከመጨባበጥ ያገደበት የ2012 ሐምሌ ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ ከአጥር ውጭ ተራርቆ፣ አፉን ሸፍኖ ያለቅሳል። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ወደየአገራቸው ከተበተኑ አራት ወር ሆኗቸዋል። አንድ ሙሾ የሚያወርድ አልቃሽ እንኳ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ምሕረት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ሰማያዊ የጠርሙስ ክዳን አገኘች። ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው፣ ሁለት መሸፈኛ ደርባም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክዳኑ ይኸው፣ ጠርሙሱ ግን የለም። ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት።

«የገደላቸው የበርበሬ ተባይ መድኃኒት ነው። ግን ይህን የመሰለ ግም ነገር ማን ወዶ ይጠጣል? በግድ ካልተጋቱ በቀር።»

«የመታገል ምልክት አለ?»

«የለም።»

ሰፈሩ ግን ፈርዶ ጨርሷል። በአጥር የሚዋሰናቸው የበርበሬ ገበሬው ዘርትሁን ነው፤ አምና ዶሮዎቹ የየኔታን የበርበሬ ችግኝ ጭረው ስለጨረሱት ተጣልተው፣ ሽማግሌ ቢገባም ሳይታረቁ ዓመት ሞላቸው። ቤቱ በድንጋይ ሲደበደብ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ጅጋ ወላጆቿ ዘንድ ገባች፤ እሱም ታሰረ። በማግስቱ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል። ለምሕረት የቀራት ያው አንድ ቀን ነው።

«አልደብቅዎትም፣ መድኃኒት ልኬላቸዋለሁ» አላት ዘርትሁን። «ችግኛቸውን ትል ሲበላው በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ አንጀቴ አልችል አለኝ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው የከረምሁት። ትሉ ሲሞትላቸው ይገባቸዋል አልሁ።»

«በማን እጅ ላኩት?»





«እሱን አልናገርም። እኔ ከታሰርሁ ይበቃል።»

ቢያዝን የሚባለው የየኔታ የወንድም ልጅ የመጣው ከቡሬ ነው። ከሁሉም አብዝቶ በዘርትሁን ላይ የጮኸ፣ ቤቱንም የሚወርስ እሱ ነበርና ምሕረት ከግቢው በር ላይ አቆመችው።

«ከመሞታቸው በፊት በነበረው ቀን መጥተህ ነበር?»

«አዎ። ግን አልገባሁም። በሽታውን ፈርቼ ከበር ቆሜ ነው ያነጋገርኋቸው።» ይህን ሲል አንገቱን ደፋ።

«ምን አሉህ?»

«ከጓሮ የቀጠፉትን ጤና አዳም እያሹ "ዘንድሮስ ጤና አዳሙም ሽታ የለው፣ ምድሪቱ ምን ነካት?" አሉኝ። ቅኔ መስሎኝ ሳቅሁ።»

ምሕረት ወደ ጓሮ ዞረች። ከጤና አዳሙ አንድ ቅጠል ቀጥፋ አሸችው። መዓዛው ሁለቱን መሸፈኛ አልፎ መጣ። ማጀት ገብታ ድስቱን ከፈተች፤ ሽሮው ሲሞቅ አርሮ ጠቁሯል፣ ግማሹ ግን ተበልቷል።

የመጨረሻዋ ተጠያቂ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ። መንገድ ተሻግረው የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው፤ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የየኔታን ምግብ በር ላይ ካለው ድንጋይ የሚያስቀምጡት፣ ሞተው ያገኟቸውም እሳቸው ናቸው።

«አሟቸው ነበር እንዴ፣ እማሆይ?»

«ኧረ ደኅና ነበሩ» አሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ዘርትሁን መርዟቸዋል ይላል ሰዉ።»

«ዘርትሁን ልጄ? እሱ ትንኝም አይገድል። ደግሞስ በሁለት ክዳን ሰው ይሞታል?»

ምሕረት አመስግና ወጣች። ኪሷ ውስጥ ያለው ክዳን ከበዳት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ከየኔታ ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘርትሁን እጁ በካቴና ታስሮ፣ ዓይኑ በትል ከተበላው ችግኝ ላይ ነው።

«የኔታ በግድ አልተጋቱም» ብላ ጀመረች። «ራሳቸውን ሊያጠፉም አልጠጡም። መሞት የፈለገ ሰው ጠርሙሱን ያነሣል እንጂ በክዳን አይለካም። በክዳን የሚለካ መዳን የፈለገ ነው።»

«ታዲያ ግማቱ እንዴት አላገዳቸውም?» አለ ቢያዝን።

«አልሸተታቸውም። ጤና አዳሙ ሽታ የለው ያሉህ ቅኔ አልነበረም። ያረረ ሽሮም በልተዋል። ኮሮና ብዙውን ሰው ማሽተት ይነሣል፤ አጎትህንም ይዟቸው ነበር። ለይቶ ማቆያ እንዳይወስዷቸው ደበቁት እንጂ።»

ቢያዝን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አቶ ዘርትሁን መታመማቸውን አያውቁም። ያወቀው ጠርሙሱን ያደረሰላቸው ሰው ነው። እኔ ይህን ክዳን ለማንም አላሳየሁም፤ ትናንት ግን በሁለት ክዳን ሰው ይሞታል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ።»

«እማሆይን ይተዉዋቸው» አለ ዘርትሁን። «የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው ላኩት?»

«ምግብ ሊያደርሱ ሲመጡ በአጥር ላይ አቀበልኋቸውና "ለየኔታ መድኃኒት ነው፣ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ክዳን" አልሁ። በውኃ መሆኑን የማያውቅ በርበሬ ተካይ የለም ብዬ...»

«እርስዎ የበርበሬውን መድኃኒት አሉ፤ እማሆይ የሕመሙን ሰሙ» አለች ምሕረት። «አጥሩና መሸፈኛው በመካከል ገብቶ ነው እንጂ፣ እንደ ድሮው ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ ኖሮ አንዳችሁ "የምኑ መድኃኒት?" ባላችሁ ነበር።»

እማሆይ ከድንጋዩ ወርደው መሬት ተቀመጡ።

«መታመሜን አትናገሪ ብለው አስምለውኝ ነበር» አሉ። «ጠዋት ስገባ ጠርሙሱ ሸተተኝ። ዘርትሁን እንዳይታሰር ብዬ ሽንት ቤት ጣልሁት። ከታሰረ ወዲያ ደግሞ አፌ ተሳሰረ። ኃጢአቱ የኔ ነው።»

ምሕረት ካቴናውን ፈታች። እማሆይ ጥፋት ቢኖርባቸው ጠርሙሱን መጣላቸው ነበር፤ ያንን እንዴት አድርጋ እንደምትጽፈው ጨንቋታል። የልቧን ጥያቄ ግን ማለፍ አልቻለችም።

«እማሆይ፣ ከማን እንደመጣ የኔታ ያውቁ ነበር?»

«እንዴታ! በመስኮት ሆኜ ነገርኋቸው እንጂ። "ዘርትሁን ነው የላከልኝ?" ብለው ከተኙበት ተነሥተው ተቀመጡ። "ገና ሳልቀምሰው ተሻለኝ። ሲነጋ በአጥሩ ቀዳዳ ይምጣና እንሳለም በይው" አሉኝ። መልእክቱን ይዤ አደርሁ፤ ሲነጋ የማደርስ መስሎኝ።»

«ሲነጋ አሉ?» አለ ዘርትሁን።

«ሲነጋ አሉ፣ ልጄ።»

ዘርትሁን ተነሥቶ ወደ ችግኙ መደብ ሄደ። ተንበርክኮ ትሉን ከየቅጠሉ ሥር አንድ በአንድ በጣቱ ይለቅም ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ቢያዝን ከድንጋዩ ተነሣና በመደቡ ሌላ ጫፍ ተንበረከከ።