ሰውዬው ሳይቀመጥ የተቆረጠ ፀጉር

ይህን የምነግራችሁ ጥፋተኛዋ እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው። ሌላ ሰው አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ አፌን ሞልቼ እወቅሰው ነበር።

ሥራዬ ሰው በስልኩ ላይ የሚያየውንና የሚነካውን ነገር መንደፍ ነው፤ ቁልፉ የት ይሁን፣ ጽሑፉ ምን ይበል፣ ጣት በየት በኩል ይሂድ። እዚህ ጓያኪል ከተማ ለሚገኝ አንድ የማገገሚያ ክሊኒክ የቀጠሮ መተግበሪያ የሠራነው እኔና አምስት ባልደረቦቼ ነን። ታካሚዎቹ በስትሮክ ወይም በአደጋ ድንገት የተጎዱ ሰዎች ናቸው። ታካሚው በቀጠሮው ዋዜማ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚመጣ ማረጋገጥ አለበት። የተላከለትን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያስገባል፤ ከዚያ አንዲት ክብ ምልክት በጣቱ ተጭኖ፣ ሳይለቅ፣ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ይጎትታል። ይህ ሁሉ በአርባ ሰከንድ ማለቅ አለበት። ሦስት ጊዜ ካልተሳካለት የማግስቱ ተራው ለሌላ ይሰጣል።

ክሊኒኩ "አካል ጉዳተኛ ይችለዋል?" ብሎ ሲጠይቀን "በሚገባ ሞክረነዋል" አልን። አሞካከራችንን ስሙልኝማ! አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቀኝ እጃችንን በሻርፕ ከወገባችን ጋር አስረን በግራችን ተራ በተራ ነካካን። ተሳሳቅን፣ ፎቶ ተነሳን። እኔ በአሥራ አራት ሰከንድ ጨረስኩ።

"ይኸው! በአንድ እጅም ይሠራል፤ ሌላ ምን ቀረ?" አለ አለቃችን ፋውስቶ።

"እውነተኛ ታካሚ ብንጠራስ?" አለች ማይቴ፤ ከመጣች ገና ወሯ ነበር።

"የማስረከቢያው ቀን ደርሷል እኮ፣ ማይቴ። ደግሞ ያልቻለ ሰው ልጁ ያደርግለታል።"

እኔም "እውነቱን ነው" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንዳልኩት እንጃ።

የክርስትና አባቴ፣ እኔ ፓድሪኖ የምላቸው ዶን ኤላዲዮ፣ የሚኖሩት ከቢሮአችን አራት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ልጅ የላቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ፀጉር ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ካሰነፈው ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ንግግራቸው ተመልሷል፤ ቁጥር ግን ይምታታባቸዋል። ሐኪማቸው "እጅ ይበልጡን የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንድም ቀን እንዳይቀሩ" ብለዋቸዋል። ሕክምናቸውን የሚከታተሉትም እኛ መተግበሪያውን በሠራንለት ክሊኒክ ነበር። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀስ እንደገና መያዝ። በየእሁዱ "እንዴት ነው ሕክምናው?" ስላቸው "ደህና ነው፣ ልጄ" ይሉኛል።

አንድ ማክሰኞ የዓሣ ሾርባ ይዤ ጎራ ስል ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በላብ ተጠምቀው አገኘኋቸው። ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ "አራት ቀጠሮ አልፎብዎታል። ዛሬ ካላረጋገጡ ከዝርዝሩ ይወጣሉ።" ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"ፓድሪኖ፣ አራት ቀን ቀሩ? ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? የሕፃን ሥራ አቃተኝ ልበልሽ?"

"ይስጡኝ፣ እኔ ላድርገው።"

"አትንኪ! ነገም ከነገ ወዲያም አንቺ የለሽም። ራሴ ልቻለው።"

ሦስት ዕድል አላቸው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ቁጥሩን ጀመሩ። አራት፣ ሰባት... ቀና ብለው አዩና ረሱት። እንደገና። ከላይ ሰከንዱ እየቀነሰ ይቀላል፤ በቀላ ቁጥር እጃቸው ይብስ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያን ዓርብ ያሰርኩት ጤነኛ እጅ ነበር፤ ጭንቅላቴ አልደከመ፣ የማጣው ነገር የለ። እንደምንም ክቧን ያዟት፣ እስከ መሐል ጎተቷት፣ ያልለመደው የግራ አውራ ጣታቸው ከዳቸው። ክቧ ጠፍታ ይህ ጽሑፍ መጣ፦ "ቦታዎ ለሌላ ታካሚ ተሰጥቷል።"

"ገና ሁለት ይቀርዎታል አይደል?" አልኩ።

"ጠዋት ሁለቴ ሞክሬ ነበር" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ተቀባይዋ "የኔ እመቤት፣ የሚሰጠውም የሚነሳውም ራሱ መተግበሪያው ነው። ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው" አለችኝ። ለመንኳት፤ አልሆነም።

"ጭንቅላቴ ነው የሞተው" አሉ ዶን ኤላዲዮ። "እጄ ብቻ ቢሆን ምናለበት።"

"ጭንቅላትዎ ደህና ነው፣ ፓድሪኖ። ይህን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ስልኩን ወደ ጎን አደረጉት። "እኔ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ መቀስ አንስቼ አላውቅም። አንቺ እኔን ሳታስቀምጪ ነው የቆረጥሽኝ?"

አለቀስኩ።

በነጋታው ቢሮ ወሰድኳቸው። መተግበሪያውን እንዲሞክሩት ስልኩን ሰጠኋቸውና ሁሉም ከበቧቸው። ፋውስቶ አንድ ደቂቃ እንኳ መታገስ አልቻለም፤ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ።

"ተው አንተ ልጅ፣ ጆሮህን እንዳልቆርጥህ!" አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲታገሉ አየንና ሳቁ ጠፋ።

"ልጅዎ..." ብሎ ጀመረ ፋውስቶ።

"ልጅ የለኝም። ቢኖረኝስ? ለቀጠሮዬ ሁሉ እሱን ልለምን?"

ፋውስቶ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። "ምን ቢሆን ይሻልዎታል?" አላቸው። ይህን ጥያቄ ከእኛ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰከንዱን አነሳነው፣ ቁጥሩንና ጉተታውን አስቀረን፤ አንድ ሰፊ የማረጋገጫ ቁልፍ ብቻ ተውን፣ ከሥሩም ክሊኒኩ እንዲደውል መጠየቂያ "ደውሉልኝ" የሚል ጽሑፍ። ክሊኒኩም ታካሚውን ሰው ደውሎ ሳያነጋግር የማንንም ቦታ ለሌላ ላይሰጥ ተስማማ።

የዶን ኤላዲዮ ቦታ ግን አስቀድሞ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሕክምናቸውን የቀጠሉት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ባለፈው ወር ሐኪማቸው መረመሯቸው። ማንኪያ ይይዛሉ። ምናልባት የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋሉ። መቀስ ግን አይሆንም ተባሉ። "ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ምናልባት..." ብለው ሐኪሙ ሳይጨርሱት ተዉት።

እናንተ ለሰው የምትሠሩ ሁሉ፣ ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ በማያውቀው አካል ይነቃል፤ ነገ እናንተም እንደሱ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እሱን መስላችሁ አትሞክሩ፤ እሱን ጥሩት፣ ጠብቁት፣ ዝም ብላችሁ እዩት። እኔ የጠራሁት ዘግይቼ ነው፤ የመዘግየቴን ዋጋ የከፈሉት ግን ዶን ኤላዲዮ ናቸው።