የተነቀለው የአሻራ ማሽን

የሠራተኞች መግቢያና መውጫ የሚመዘገብበት የአሻራ ማሽን ግድግዳው ላይ የለም። የቀረው አራት ቀዳዳና አንድ የተቆረጠ ሽቦ ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ የሚመጣው ነገ ነው።

የፖሊስ ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሌባዋን አዘጋጅቶ ጠበቃት። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን እንዳቀፈች በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ተባረሻል ተብላለች።

«ጠዋት ቀድማ የምትገባው እሷ ናት» አለ። «ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

«ምን ያደርግላታል? ልጆቿን ታስፈርምበታለች?»

አልሳቀም። ኢንስፔክተሯ እንዲህ ያለውን ሰው ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል፤ ይኸኛው ደግሞ ከረባት አስሯል።

በዘበኛው ኪስ ውስጥ ካቻቪቴ ተገኘ።

«ተመሳጥረው ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ኢንስፔክተሯ ወለሉ ላይ የወደቀ ብሎን አንስታ ሞከረችው። የብሎኑ ራስ የመስቀል ቅርጽ ነው፤ የዘበኛው ካቻቪቴ ጠፍጣፋ። አይገባም።

ጸሐፊዋን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«እዚህ መሥራት እንዴት ነው?»

«ቤቴ ቅርብ ነው። የትራንስፖርት ግፊያ የለብኝም፤ ልጄንም ከትምህርት ቤት ራሴ አመጣለሁ። የቆየሁት ለዚህ ነው።»

«ክፋቱስ?»

ጸሐፊዋ በሩን አየች። «ብንበደል ሰሚ የለንም። ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤት ያልነው ሁሉ ዞሮ የሚያርፈው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«ዛሬ በምን ፈረማችሁ?»

«በወረቀት። ትንሿ ጣቴ አረፈች።»

«ትንሿ ጣት?»

«የዛሬ አራት ወር ማሽኑ ሲጠገን ባለሙያው ሁላችንንም በትንሿ ጣት አስመዘገበን። ሌላ ጣት አይቀበልም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰች።

«እርስዎም ይፈርማሉ?»

«በየቀኑ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ። አለቃ አርአያ መሆን አለበት።»

«በየትኛው ጣት?»

አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳያት።

ዘበኛውን ጠራችው። «ትናንት ከሥራ መውጫ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«እሳቸውማ ገብተዋል። ሰው ገባ ወይ ያሉኝ መስሎኝ እኮ ነው።»

ሥራ አስኪያጁን የመኪናውን የዕቃ ማስቀመጫ አስከፈተችው። ማሽኑ ከትርፍ ጎማው ሥር ተወሽቋል፤ ባለ መስቀሉ ካቻቪቴ ከጎኑ። ለመጣል እንኳ ሰንፏል።

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አላላ።

«ከተጠገነ ወዲህ አንድ ቀንም አልፈረምኩም» አለ። «ቢሮ ብቅ ያልኩትም ከስንት አንዴ ነው። ተቆጣጣሪው ይህን ቢያይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይመልሱኛል። እዚያ እኮ ሰላም የሚለኝ እንኳ የለም። እዚህ ስገባ ሁሉም ይነሳልኛል።»

«እንዲነሱልህ ብለህ ይቺን ሴት ከእንጀራዋ ልታፈናቅል?» አንቱታው ቀረ። «ይቅርታ ጠይቃት። በስሟ ጥራና።»

ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሴትዮ አያት። ጠረጴዛውን አምስት ዓመት ወልውላለታለች።

«ማን… ማን ነበር ስምሽ?»

ሴትዮዋ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተነሳች።

«ለፖሊስ ቃሌን ስሰጥ አስመዝግቤዋለሁ» አለች። «ክሱ ላይ ያገኙታል።»