ዳዊት ያልተናገረው ቃል

የእንግሊዝኛ መምህሩ የዳዊት አስከሬን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ገደል ሥር ማለዳ ተገኘ። ከተማው ራሱን ወርውሮ ነው ብሎ ፈረደ። ቄስ ሞላም ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ለእናቱ ለወይዘሮ ሰርኬ ነገሯቸው።

ኢንስፔክተር ፋሲካ ግን አፋፉ ላይ የሟቹን መነጽር አገኘች። መስተዋቱ ደቅቆ፣ ክፈፉ በጫማ ተረግጦ አፈር ውስጥ ገብቷል።

በመጀመሪያ የጠየቀችው ዘካርያስን ነው፤ የወይዘሮ ሰርኬ የወንድም ልጅ፣ እዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር።

«መጨረሻ ያየሁት መናኸሪያው ጋ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ከቤዛዊት ጋር ተጣልተው ነበር። ‹እኔ ሮማንቲክ ነኝ፤ ሮማንቲክ ሰው ፍቅሩን ካጣ አይኖርም› ብሎኝ ወደ ገደሉ ሄደ።»

«አልተከተልከውም?»

«ወደ ቤቴ ገባሁ።»

የዳዊት እጮኛ ቤዛዊት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። መጣላታቸውን አልካደችም።

«ራሱን ሮማንቲክ ብሎ ይጠራ ነበር?» አለቻት ፋሲካ።

«አበባ ሲያመጣልኝ ሮማንቲክ ብዬው ተቆጥቶኛል። ‹ቃሉን አታርክሺው› አለኝ። ድሮ በፈረንጅ አገር ላቲን እንደ እኛ ግዕዝ የሊቃውንት ነበር አሉ። ተራው ሰው በሚናገረው ቋንቋ የሚተረከው የጀግና ታሪክ ሮማንስ ተባለ፤ ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። ኋላም ከደንብና ከስሌት ይልቅ የሰውን ስሜት፣ ዱሩንና ገደሉን ያስቀደሙ ጸሐፊዎች ተነሡ፤ ሐሳባቸው ሮማንቲሲዝም ተባለ። ‹የአፍቃሪ በሽታ አይደለም› ይል ነበር ሁልጊዜ።»

«ዘካርያስ ይህን ሰምቶ ያውቃል?»

«እሱ እንዲህ ያለ ወሬ አይወድም።»

ከሰዓት በኋላ ፋሲካ ሁሉንም በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገደል የገባ ሰው ተመልሶ መነጽሩን አይረግጥም» አለች። «ስለዚህ አፋፉ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ማን? ዳዊት ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጣበት የኖረውን ትርጉም የመጨረሻ ቃሉ ያደረገለት ሰው። ቃሉን ፈጥሮታል፤ ሟቹ እንዲያ እንደማይናገር ግን አላወቀም። ዘካርያስ፣ ጫማህን አውልቅ።»

ሶሉ ውስጥ የመነጽር ስባሪ ተሰክቷል።

«ቤዛዊትን ተዋት አልኩት» አለ ዘካርያስ በቀስታ። «እንደምወዳት ለእሷ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

ቤዛዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቄስ ሞላ ተነሡ፤ «እንግዲያው ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ።

ፋሲካ ወይዘሮ ሰርኬ እፎይ የሚሉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ካቴና የሚገባበትን የዘካርያስን እጅ ነበር የሚያዩት።

«የዚህ ልጅ እናት በወሊድ ስትሞት ከዳዊት ጋር አንድ ጡት ያጠባሁት እኔ ነኝ» አሉ ወደ ፋሲካ ዞረው። «አሁን እኔን ማን ይቀብረኛል፣ ልጄ?»